«ሌላውስ ልጅ?» ቂርያት መናሔም ሳሎናችን ውስጥ ስለ አንድ ፊልም መጨረሻ የተደረገ ክርክር

(ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

  ዛሬ ብቻዬን ነኝ። አብሮኝ የሚያቀርበው ልጅ ሚሉኢም ወጥቷል፣ በሰላም ይመለስልን። እንግዳም አልጠራሁም። እኔና እናንተ ብቻ ነን፣ ቡናችሁን ያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ፊልም መጨረሻ ነው። ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ወይ እዚህ ላይ አቁሙትና አይታችሁ ተመለሱ፣ ወይ ደግሞ በኋላ «አበላሸሽብን» ብላችሁ እንዳትቆጡኝ። (ሳቅ) ሃያ ዓመት ያለፈው ፊልም ስለሆነ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም።

ፊልሙ የወጣው በ2005 ነው። የፈረንሳይኛ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያ እያልኩ እጠራዋለሁ። ዳይሬክተሩ ራዱ ሚሃይሌአኑ ይባላል፣ ሮማኒያ ተወልዶ ፈረንሳይ የሚኖር አይሁዳዊ ነው። ፊልሙ በርሊን ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ በ2006 ደግሞ ፈረንሳዮች ሴዛር የሚሉትን ሽልማት በስክሪፕቱ ወስዷል። ብዙዎቻችሁ ትምህርት ቤት ውስጥ በግድ አሳይተዋችሁ ይሆናል። እኔን እንደዚያ ነው ያሳዩኝ፣ አሥረኛ ክፍል፣ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ኢትዮጵያውያን ብቻ ነበርን፣ መብራቱ ሲበራ ሁሉም ዞሮ እኛን ያየናል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ጠላሁት። ፊልሙ ምንም አላደረገኝም እኮ፣ ግን ጠላሁት።

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል። ጊዜው 1984 ነው፣ ቦታው ሱዳን፣ የስደተኞች ካምፕ። አንዲት ክርስቲያን እናት ዘጠኝ ዓመት ከሚሆነው ልጇ ጋር አለች። ከእሱ ሌላ ማንም አልቀረላትም። እስራኤል ቤተ እስራኤሎችን በድብቅ፣ በሌሊት፣ ከካምፑ እያወጣች መሆኑን ታያለች። እዚያው ካምፕ ውስጥ ሐና የምትባል የእኛ ሴት አለች፣ ልጇ ሰለሞን ሞቶባታል። እናቲቱ ልጇን «ሂድ» ትለዋለች። ሐና እጁን ትይዘዋለች። ልጁ በሟቹ ልጅ ስም ወደ እስራኤል ይገባል፣ ሰለሞን የነበረው ሽሎሞ ይሆናል። ሐና ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ልጁን ከፈረንሳይ የመጡ ቤተሰቦች ያሳድጉታል። እንግዲህ ይህ ልጅ አይሁዳዊ አይደለም፣ ወላጅ አልባም አይደለም፤ ይህን ግን ለማንም መናገር አይችልም። ሁለት ሰዓት ከምናምን የሚፈጀው ፊልም ይህንን ምስጢር ይዞ ማደግ ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያሳየን።

እና በደንብ ያሳየናል፣ ልክድ አልችልም። መጀመሪያ ገላውን ሲያጥቡት ውኃው ወደ ጉድጓዱ እየሄደ ሲፈስ አይቶ ይደነግጣል፣ ሊያቆመው ይሞክራል። አልጋ ተሰጥቶት መሬት ላይ ይተኛል። ማታ ማታ ጨረቃን እናቱ እንደሆነች አድርጎ ያወራታል። ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፉለት አንድ ቄስ አሉ። ጦርነቱ በሙሉ የሚካሄደው ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቶራ ውድድር ላይ አዳም ምን ዓይነት ቀለም ነበረው ተብሎ የሚከራከርበትን ቦታ ታስታውሳላችሁ? ነጭም ጥቁርም አልነበረም፣ ቀይ ነበር፣ እንደ አፈሩ፣ ይላል። አዳም ከአዳማ። አጎቴ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ያጨበጭባል።

አሁን ወደ መጨረሻው። ሽሎሞ አድጓል፣ ፈረንሳይ ሕክምና ተምሯል፣ አግብቷል። ምስጢሩን ለሚስቱ የሚነግራት በጣም ዘግይቶ ነው። ከዚያ ሐኪም ሆኖ ሱዳን፣ የስደተኞች ካምፕ ይሄዳል። አንድ ቀን እዚያ ካምፕ ውስጥ አንዲት ሴት ያያል። ጫማውን ያወልቃል። ባዶ እግሩን ወደ እሷ ይሄዳል። ሴትዮዋ ትጮኻለች። ረጅም ጩኸት። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

ያው ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ይዟት መጣ? እዚያው ቀረ? ሚስቱና ልጁስ? ደግሞስ ሴትዮዋ በእርግጥ እናቱ ነች? ፊልሙ አይነግራችሁም።

ባለፈው ሻባት ሲወጣ ቤታችን፣ ቂርያት መናሔም፣ ሦስት ትውልድ ሳሎን ውስጥ ተጨናንቆ አየነው። ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ፕሮግራም የሰው አስተያየት ልሰብስብ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ዓላማ አልነበረኝም። ከአሥር በላይ ነበርን። አንድ ያላሰብኩት ነገር ልንገራችሁ። የፊልሙ መጀመሪያ አማርኛ ነው። ለእኛ ለወጣቶቹ ከታች የሚወጣው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያስፈልገናል፤ አያቴና ጎረቤታችን ጋሼ ግን ጽሑፉን ሳይጠብቁ ይሰማሉ። ቤታችን ውስጥ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ሲደውል፣ ሁልጊዜ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ነበርኩ «ምን አለች? ምን አለች?» የምለው። አያቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ትመልስለታለች። እናትየው «ሂድ» ስትለው «አትበይው! ቀስ ብለሽ ንገሪው እንጂ!» አለቻት። (ሳቅ)

እና ፊልሙ አለቀ፣ ክርክሩ ተጀመረ።

የአክስቴ ልጅ፣ ኢንጂነር ነው፣ ነገር ማለቅ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነው። «እናቱ ነች፣ አለቀ» አለ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ እናቱን ሲፈልግ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ሌላ ሴት ጋ ሊወስዱን ነው? ብሬን ይመልሱልኝ» አለ። አንድም ሳንቲም አልከፈለም፣ በእኔ ኮምፒውተር ነው ያየው።

ታናሽ እህቴ ሳይኮሎጂ ልትማር እየተመዘገበች ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ጭንቅላት ውስጥ ነው ለእሷ። «እናቱ አይደለችም» አለች። «ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አልፏል። ያቺ ሴት ሁሉ ነገር ያጣች፣ በረሃብ ያለች ሴት፣ አሥራ አምስት ዓመት ካምፕ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች? እሱ ማየት የፈለገውን ነው ያየው። ሴትዮዋም የምትጮኸው አንድ የማታውቀው ሰው ባዶ እግሩን መጥቶ ስለቀረባት ነው።»

እኔ እዚህ ላይ ለእህቴ ግማሽ ነጥብ እሰጣታለሁ። በ1984 በረሃቡ ወደ ሱዳን ከተሰደደው ሕዝብ ብዙው፣ በተለይ ከትግራይ የመጣው፣ ከ1985 ጀምሮ እየተመለሰ ሀገሩ ገብቷል። ያቺ እናት በሕይወት ብትተርፍ እንኳ ቤቷ የመመለሷ ዕድል ትልቅ ነው። ሌላም ነገር አለ። የልጁ የመጀመሪያ ስም ማን ነበር? እናቱ ያወጣችለት ስም? እኔ ሁለት ጊዜ አይቼው አልሰማሁም። መጨረሻ ላይ በዚያ ስም ብትጠራው ኖሮ ክርክሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ያንን ስም ደብቆብናል፤ ሆን ብሎ ነው ብዬ አስባለሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ግን መጨረሻውን ከቁም ነገርም አልቆጠሩት። እሳቸው የተናደዱት በጠቅላላው ነው። ድምፃቸውን ሳያነሱ ነው የሚናደዱት፣ ያ ደግሞ ይብሳል። «እኛ» አሉ፣ «በ1985 እዚህ እየሩሳሌም ረባኑቱ በር ላይ አንድ ወር ሙሉ ተቀምጠናል። ብርድ ላይ ተቀምጠናል። አይሁድ መሆናችሁ አጠራጣሪ ነው፣ ሚክቬ ግቡ፣ ደም ይፍሰስ ሲሉን። ከዚያ በ1996 ደማችንን ሲጥሉት ቆይተው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሁሉ የሚጠረጥረን ሰው አለ። እና አሁን ስለ እኛ ፊልም ሲሠሩ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የመረጡት አንድ ክርስቲያን ልጅ በሐሰት የገባበትን ታሪክ ነው? የእኛስ ልጅ ታሪክ የለውም?»

ክፍሉ ዝም አለ። ምን ትላላችሁ እንግዲህ?

እኔ ትንሽ ልከላከልለት ሞከርኩ፣ ለዳይሬክተሩ ማለቴ ነው። አባቱ አይሁዳዊ ነበሩ፣ የመጀመሪያ የቤተሰብ ስማቸው ቡህማን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከናዚዎች ለመትረፍ ስማቸውን ቀይረው ሚሃይሌአኑ ሆኑ። ልጃቸውም ያንን የተበደሩትን ስም ይዞ አደገ፤ ራሱም በ1980 ከቻውሼስኩ ሮማኒያ ወጣ። ስለዚህ ይህ ሰው የራሱን ቤት ታሪክ ነው የእኛን ልብስ አልብሶ የነገረው፣ አልኳቸው። ጋሼ አሰብ አደረጉና «እሱ ጥሩ ነው» አሉ፣ «ግን የራሱን ታሪክ በራሱ ልብስ ይንገረው ነበር።»

እኔ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። የተለወጠ ነገር ካለ ዛሬ የራሳችን ዳይሬክተሮች መኖራቸው ነው። ሽሙኤል በሩ በ2008 «ዘሩባቤል»ን ሠራ። ባዚ ጌጤ በ2014 «ቀይ ቅጠሎች»ን ሠራ፣ ያው ትልቁ ተዋናይ ደበበ እሸቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተበት። አለምወርቅ ዳዊዲያን በ2018 የበለስ ዛፉን ፊልም አወጣች፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ ስላለች አንዲት አይሁዳዊት ልጅና ስለምትወደው ክርስቲያን ልጅ። የሚገርመው እሷም የመረጠችው ያንኑ ድንበር ነው፣ የሚሄደውና የሚቀረው የሚለያዩበትን ቦታ። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም፣ ማታው እንዳይረዝምብን ፈርቼ።

አሁን ከሳሎኑ ትንሽ ልውጣ፣ ምክንያቱም አንድ አስተያየት ከቂርያት መናሔም ውጭ ነው ያገኘሁት።

ሥራዬ መሐል ከተማ ነው፣ ነቢያት ጎዳና አካባቢ። ምሳ ሰዓት ላይ ኢትዮጵያ ጎዳና ውስጥ አቋርጬ እሄዳለሁ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጠባብ መንገድ፣ የድንጋይ አጥር፣ ከዚያ በሩን ስታልፉ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ ክቡ ቤተ ክርስቲያን። አጤ ዮሐንስ አስጀምረውት በምኒልክ ዘመን ያለቀው። በነገራችን ላይ ዕብራይስጥን ያነሳው ቤን ይሁዳም የኖረው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ልጅ ሆኜ አስተማሪያችን ስለ ቤን ይሁዳ ሲነግረን እኔ የማስበው ነጠላ የለበሱ ሴቶችን ነበር። እዚያ መንገድ ላይ የምሰማው አማርኛ የአያቴ አማርኛ ነው። አንድ ጊዜ አያቴን ሐኪም ቤት አድርሼ ስንመለስ በዚያ ስናልፍ አንዲት እናት «እንደምን ዋልሽ እናቴ» አለቻት፣ አያቴም «እግዜር ይመስገን» አለች፣ ሁለቱም ቆመው ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ማን ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ።

እዚያ የምትሳለም አንዲት የሥራ ጓደኛ አለችኝ፣ ክርስቲያን ነች፣ አዲስ አበባ ያደገች፣ እዚህ አሮጊት እየጦረች ትሠራለች፣ ልጇ እናቷ ጋ አዲስ አበባ ነው። ፊልሙን በስልኳ ልኬላት ሁለት ቀን ከፋፍላ አየችው። መጨረሻው እንዴት ነው ስላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እናንተ ሁላችሁ የምትጠይቁት ልጁ አገኛት ወይ ብላችሁ ነው» አለች። «እሷ ልታገኘው ትፈልግ እንደነበረ ማን ጠየቀ? እኔ ልጄን ጥዬ ስወጣ አትዙር፣ አታልቅስ አልኩት። ብዞር ኖሮ አልሄድም ነበር። ያቺ ሴት ‹ሂድ› ስትለው በራሷ ላይ በር ዘጋችበት። ያንን በር ከፍቶ ሲገባባት ነው የጮኸችው።»

ይህን ስሰማ ሻይዬ ቀዘቀዘ። ልጇ አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በቪዲዮ ትደውልለታለች፣ በየቀኑ።

እሺ፣ ወደ ሳሎናችን።

ስለ ጩኸቱ እየተከራከርን ነው። የአክስቴ ልጅ «የደስታ ነው» ይላል፣ እህቴ «የፍርሃት ነው» ትላለች፣ እኔ የጓደኛዬን ነገር ነገርኳቸው። አያቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ጥጧን እየፈተለች ነበር። ከዚያ «እናንተ ጩኸት አታውቁም» አለች። «እልልታ ከምላስ ነው የሚወጣው። ዋይታ ከሆድ ነው። ያቺ ሴት ከሆዷ ነው የጮኸችው።»

«ታዲያ ልጇ ከመጣላት ለምን ዋይ ትላለች?» አልኳት።

«ሄዷል ብላ ቁርጧን ይዛ ነበራ። ግን አላለቀሰችም። የሞተ ሰው መርዶ ይመጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፣ ያልቃል። በሕይወት የሄደ ልጅ መርዶ የለውም። ቁጭ ብለሽ ታለቅሺለታለሽ? አሟረትሽበት ይሉሻል። ስለዚህ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው። ሲመጣ ያንን የተቀመጠውን ነው ያወጣችው። ከዚያ በኋላ እልልታው ይመጣል፣ እነሱ ፊልሙን ቆረጡት እንጂ።»

እኔ ስለዚህ ፊልም ከተጻፈውም ከተባለውም የሰማሁት መልስ ሁሉ ከዚህ ያነሰ ነው። ማይክራፎን ላይ መልሼ እንድትለው ለመንኳት፣ «ሂጂ ወዲያ» አለችኝ። እኔ በቃሌ ነው የምነግራችሁ።

እህቴ ግን አልተሸነፈችም። «እሺ እማማ፣ እናቱ ነች እንበል። ከዚያስ? ሽሎሞ ወደ እስራኤል ይመለሳል ወይስ ይቀራል?» አለቻት።

አያቴም እንዝርቷን አስቀመጠችና «ሌላውስ ልጅ?» አለች።

«የቱ ልጅ?»

«ሰለሞን ነዋ። ስሙን የወሰዱበት። ሁላችሁም ስለሚኖረው ትጨነቃላችሁ። ያኛውን የት ቀበሩት? ማን አለቀሰለት?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ሰለሞንን ረስቼው ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳየውም ረስቼዋለሁ፣ አሁንም ረሳሁት። ልጁ የሚሞተው በፊልሙ መጀመሪያ ደቂቃዎች ላይ ነው። ከዚያ በኋላ «ሰለሞን» ሲባል የምናስበው የሚሮጠውን፣ የሚያድገውን ልጅ ነው። ስለ መጨረሻው አንድ ሰዓት ስንጨቃጨቅ ስለ መጀመሪያው አንድም ሰው አልተነፈሰም።

አሁን የምነግራችሁን ለመንገር አያቴን ፈቃድ ጠይቄያታለሁ። «ስሜን እንዳትጠሪ» ብላለች፣ አልጠራም።

አያቴ ከወገራ ነው የመጡት፣ በእግር። ኡም ራኩባ ካምፕ ነበሩ፣ ገዳሪፍ አካባቢ። ወደ ሱዳን በተደረገው ጉዞና በካምፖቹ ውስጥ ወደ አራት ሺህ ሰው እንዳለቀብን ይነገራል። የሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 1984 መጨረሻ እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ ነው፤ ከሰባት ሺህ በላይ ሰው ከካርቱም በአውሮፕላን ወጣ፣ ከዚያ ወሬው አፈትልኮ ቆመ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ በየዓመቱ ዮም የሩሻላይም ሃር ሄርጽል እንሄዳለን፣ ከሠፈራችን ቅርብ ነው። አያቴ እዚያ ስትሄድ ስድስት ዓመቱ ለነበረ አንድ ልጅ ታለቅሳለች። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስሙን አውቃለሁ። ሌላ ምንም አላውቅም ነበር፣ ጠይቄም አላውቅም። ሰው አያቱን እንዲህ ዓይነት ነገር እንዴት ብሎ ይጠይቃል?

እሷ እንደነገረችን እንዲህ ነው። ልጁ በኩፍኝ ሞተ። ከካምፑ ወጣ ብሎ ቀበሩት፣ በጨለማ፣ ጮክ ብለው ሳያለቅሱ። እዚያ ብዙ ማልቀስ አይቻልም ነበር፣ እነማን እንደሆንን እንዳይታወቅ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሌሊት ኮሚቴው መጣ። ኮሚቴዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ ከእኛው ሰዎች መሐል በድብቅ ለእስራኤል የሚሠሩት ልጆች። ሰውየው በሹክሹክታ «ስንት ናችሁ?» አላት። እሷም «አምስት» አለችው።

አራት ነበሩ።

«ልዋሽ ብዬ አይደለም» አለችን። «አፌ አምስት ለምዶ ነው።»

ሰውየው በጨለማ ቆጠረ። አራት ሆነ። «አንዱ የት አለ?» አላት፣ ቶሎ በይ እያለ። አጠገቧ አንድ ልጅ ቆሟል። ብቻውን። እጁን ያዘችው።

ሳሎኑ ውስጥ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። የአክስቴ ልጅ «የማን ልጅ ነበር?» አላት።

«አልጠየቅሁም።»

«የእኛ ሰው ነበር ወይስ...»

«ልጅ ነበር» አለች።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«አለ። ልጆች ወልዷል። ሰው ነው» አለችና እንዝርቷን አነሳች። ከዚያ ወዲያ ያንን በር ማንም አልነካካም።

እኔ ያየሁት ጋሼን ነው። ያንን ሁሉ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፣ ስለ ረባኑቱ፣ በሐሰት ስለገባው ልጅ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ብዙ ቆዩ። ከዚያ «አምስት ነው ያልሽው?» አሏት።

«አምስት።»

«እኛ ስምንት ነበርን» አሉ። «እኔ ስድስት አልኩ። እውነቱን ነው የነገርኳቸው። ስድስት።» ሌላ አልተናገሩም። ግን ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙ ክፉ አልተናገሩም፣ ጥሩም አልተናገሩም።

እህቴ መጨረሻውን እንደገና እንየው ስትል አያቴ «መጨረሻውን ተይው፣ መጀመሪያውን መልሺልኝ» አለቻት። መለስነው። ሐና ልጇን አቅፋ ያለችበት ቦታ። እኛ ያንን ቦታ ፊልሙ እስኪጀምር እንደሚያልፍ ነገር ነው ያየነው፣ አንዳንዱ እንጀራ እያነሳ፣ አንዳንዱ ስልኩን እያየ። አሁን ማንም አልተነቃነቀም። አያቴ እስኪያልቅ አየችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና። ከዚያ «አጥፊው፣ ቡና ይፈላ» አለች። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። አፈላንላት።

እሺ... እኔ ዛሬ ከዚህ በላይ የለኝም። ሴትዮዋ እናቱ ነች፣ አይደለችም፣ ይመለሳል፣ ይቀራል፣ የምትሉትን በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም፣ በሁለቱ መሐልም ይቻላል። ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ የሚሉት ነገር ካለ ደግሞ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅዱልኝ፤ ካልፈቀዱ አትቅዱ። በሚቀጥለው ሳምንት «ቀይ ቅጠሎች»ን እናያለን፣ ያቺም መጨረሻዋ የሚያነጋግር ነው፣ ስለዚህ ቀድማችሁ እዩት። ሚሉኢም ላይ ላሉት ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ደህና ሁኑ።